ትንሿ ሽጉጥ ነች የምትከፋው

ሰው ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱን ሽጉጥ ልግዛ" ነው፣ "የቱን አልግዛ" ብሎ የመጣ እስካሁን አንድም አላጋጠመኝም። ዛሬ እስቲ በሱ በኩል እንግባ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩው የቱ ነው ብለን ከተነሳን እስከ ማታ ተጨቃጭቀን አንጨርሰውም፣ እዚህ ካላችሁት ግማሻችሁ ግሎክ ትላላችሁ፣ ግማሻችሁ ደሞ በግሎክ ትስቃላችሁ። ለጀማሪ የማይሆነው ላይ ግን አስተማሪዎች ብዙም አንጣላም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ጀማሪ ስል ፈቃድ ያለው፣ በተዘጋጀ የተኩስ ቦታ፣ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ቆሞለት የሚተኩስ ሰው ማለቴ ነው። ሌላውን አላወራም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ሊለማመዱ መጡ። ባልየው የራሱን ትልቅ 9 ሚሊ ይዟል፣ ለሚስቱ ደሞ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ሚጢጢ ሽጉጥ ገዝቶላታል፣ "ትልቁ ለሷ እጅ ይከብዳታል ብዬ ነው" አለኝ፣ በፍቅር ነው ያደረገው፣ ክፋት የለውም። ልጅቷ አንዴ ተኮሰች። ከዛ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና መዳፏን ገልብጣ አየችው፣ ትኩስ ብረት እንደነካ ሰው። "ሁሉም እንዲህ ነው?" አለችኝ። ኧረ አይደለም ብያት በርሜሉ ረዘም ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ጥይቱ ግን ትንሽና ደካማ የሆነ 22 ካሊበር ሰጠኋት፣ አንድ ካዝና ተኮሰች፣ ሁለት ካዝና፣ ሦስተኛውን ራሷ ሞላችው። ባልየው እስቲ ያቺን እኔም ልሞክራት ብሎ ትንሿን አነሳ፣ ስድስቱን ተኩሶ ሲያበቃ ምንም አልተናገረም፣ ግን እጁን ሱሪው ላይ ሲያሽ አይቼዋለሁ።

ብዙ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ትንሽ ይመታል ብሎ ነው የሚያስበው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጥይቱ ወደፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደኋላ ይመጣል፣ ያው ትምህርት ቤት የተማርነው የኒውተን ነገር ነው፣ እና ያንን የሚመጣ ነገር በዋናነት የሚያዘገየው የሽጉጡ ክብደት ነው፣ ከዛ የተረፈውን እጃችሁ ይቀበለዋል። ትንሽ ሂሳብ ልስራላችሁ፣ ግምት ነው ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የ9 ሚሊ ጥይት 8 ግራም አካባቢ ነው፣ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይሄን ከ1 ኪሎ ሽጉጥ ብትተኩሱት ወደ እጃችሁ የሚመጣው ወደ 5 ጁል ነው። ያንኑ ጥይት ከግማሽ ኪሎ ሽጉጥ ተኩሱት፣ 10 ጁል ሆነ። ጥይቱ አልተለወጠም፣ ባሩዱም ያው ነው፣ ብረቱ ብቻ ነው የቀነሰው። 22 ካሊበር ከ1 ኪሎ ሽጉጥ ሲተኮስ ግማሽ ጁል እንኳን በቅጡ አይሞላም፣ ስለዚ ያቺ ልጅ ሁለት ሽጉጥ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ዓለም ነው የያዘችው ማለት ይቻላል።

ከነዚህ ሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስካንዲየም ከሚባል ብረት ጋር የተቀላቀለ አሉሚኒየም ተጠቅሞ የሚሰራቸው ሪቮልቨሮች (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባባቸው ሽጉጦች) አሉ፣ ባዶውን 340 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ እና ይሄ ነገር 357 ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይተኩሳል። ስትይዙት የአሻንጉሊት ያህል ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያነሳው ሰው ሁሉ "ዋው እንዴት ይቀላል" ይላል፣ ሻጩም ፈገግ ይላል። ሲተኮስ ግን ርግጫው ከ1 ኪሎ በላይ ከሚመዝን፣ ከሱም የባሰ ጥይት ከሚተኩስ 44 ማግነም አይተናነስም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው አምስቷን ተኩሰው ዛሬ ይበቃኛል ይላሉ። ለጀማሪ የሚሰጥ ሰው ካያችሁ ወይ አያውቅም ወይ ሊስቅበት ነው።

ርግጫ ያማል፣ እሺ፣ ህመሙ ግን ለኔ ትልቁ ጉዳይ አይደለም፣ ያልፋል። ትልቁ ነገር እጅ መማሩ ነው። ጭንቅላታችሁ "አይ ምንም አይደለም" ሊል ይችላል፣ እጅ ግን ጭንቅላትን አይሰማም። ሁለት ሦስቴ የተመታ እጅ በሚቀጥለው ጊዜ ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ራሱ ይበረግጋል፣ አፈሙዙን ወደታች ይገፋዋል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይኮማተራል፣ እና ዒላማው ላይ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ከታች ይሰበሰባሉ፣ ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ደሞ ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ግራ። ሰውየው ግን ሽጉጡ ነው የተበላሸው ይላችኋል፣ ማነጣጠሪያው ተጣሟል ይላችኋል፣ ሊቀይረው ሱቅ ይሄዳል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ይባል የለ፣ እንደዛ ነው፣ አንዴ ከገባ በኋላ 22 ስትሰጡት እንኳን ይበረግጋል።

ይሄን እንዴት እናያለን መሰላችሁ፣ ካዝናው ውስጥ ከእውነተኞቹ መሃል የውሸት ጥይት እቀላቅላለሁ፣ ባሩድ የሌለው፣ ተኳሹ ስንተኛው ላይ እንደሆነ አያውቅም። ይተኩሳል፣ ይተኩሳል፣ የውሸቱ ላይ ሲደርስ ምላጩ (ቃታ የምትሉም አላችሁ፣ ያው ነው) "ቀጭ" ይላል፣ ጥይት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ግን አፈሙዙ አራት ጣት ያህል ወደታች ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ያን ጊዜ የሰውየውን ፊት ማየት ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሲሰራብኝ አፍሬ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር፣ ምክንያቱም ያን ቀን ጠዋት ለሌላ ሰው "አንተ ትበረግጋለህ" እያልኩ ነበር።

ታዲያ ይሄን ልማድ ለማስለቀቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብትሉኝ፣ ከመማሩ በጣም ይረዝማል። አንዳንዱ ወራት ይፈጅበታል፣ በባዶ ሽጉጥ ግድግዳ ላይ አነጣጥሮ ምላጭ መሳብ፣ ከዛ 22፣ ከዛ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ወደታች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ ይሄ ግን እንደዛ አይፈታም። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሽጉጥ ላይ ችክ የምለው፣ ሁለተኛው ላይ እንደፈለጋችሁ።

ወደ ትንሿ ልመለስ፣ አልጨረስኩባትም። ርግጫው አንድ ነው። ሁለተኛው ማነጣጠር ነው። ሽጉጥ ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት ማነጣጠሪያ አለ አይደል፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት ትልቅ ነገር ነው። ትንሿ ላይ 10 ሴንቲ ገደማ ነው እንበል፣ ግሎክ 17 ላይ 16 ሴንቲ ተኩል ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍባችሁ፣ ዒላማው 10 ሜትር ላይ ከሆነ በትንሿ 10 ሴንቲ ትስታላችሁ፣ በትልቁ 6 ሴንቲ ገደማ። 1 ሚሊ ማለት ደሞ ምንም ማለት ነው፣ ትንፋሽ ነው። ሲጨመርበት ትንንሾቹ ላይ ያለው ማነጣጠሪያ ልብስ እንዳይዝ ተብሎ ጉብ ያለች ነገር ብቻ ናት፣ ለማየትም ታስቸግራለች። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣችውን ሩገር ኤልሲፒ የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ከ300 ግራም በታች ነች፣ በርሜሏ 7 ሴንቲ፣ 380 የሚባለውን ጥይት ትተኩሳለች፣ እጀታዋ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ትንሿ ጣት አየር ላይ ነች። ለምን እንደተሰራች ካያችሁ ጎበዝ ስራ ነው፣ ኪስ ውስጥ ገብታ እንድትረሳ ነው የተሰራችው። ብዙ እንድትተኮስ አይደለም፣ ለመማር ደሞ ብዙ መተኮስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ስፕሪንጉ። ስላይዱ፣ ማለትም ላዩ ላይ ያለው ወደኋላ የሚሳበው ብረት፣ ትንሽ ሲሆን ቀላል ነው፣ ቀላል ስለሆነ ደሞ ፍጥነቱን የሚገታ ጠንካራ ስፕሪንግ ይገባለታል። ውጤቱ ምንድነው፣ እጀ ደካማ ሰው ማቀባበል ያቅተዋል። ስንቴ አይቻለሁ፣ ለሽማግሌ እናት "ትንሽ ናት ለእርስዎ ትሆናለች" ተብሎ የተሰጠች ሽጉጥ፣ እሳቸው ስላይዱን መሳብ አቅቷቸው ከሆዳቸው አስጠግተው ሲታገሉ፣ አፈሙዙ ደሞ ወደ ጎን ዞሮ ጎረቤታቸውን ሲያይ። አደጋው እዛ ጋ ነው። ላላ አድርጎ የያዘ ሰው ላይ ደሞ ሽጉጡ ከነእጁ አብሮ ወደኋላ ስለሚሄድ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን አይጨርስም፣ ቀለሃው አይወጣም፣ ይነክሳል፣ ማለትም መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቆማል። የነከሰ ሽጉጥ በጀማሪ እጅ፣ ጀማሪው ደሞ ምን ሆነብኝ ብሎ ሽጉጡን ይዞ ወደ እናንተ ሲዞር፣ ኧረ ተዉኝ።

ስለ 380 ካነሳን ዋልተር ፒፒኬን ሳልነካ አላልፍም። ቆንጆ ናት፣ ማንም አይክድም፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ይወዳታል። ግን በርሜሏ ቋሚ ነው፣ ስላይዱን የሚይዘው ቁልፍ የለም፣ ስፕሪንግና የስላይዱ ክብደት ብቻ ናቸው የሚያቆሙት፣ ስለዚ ከጥይቷ አንፃር ርግጫዋ ሹል ነው፣ ከብዙ 9 ሚሊ ሽጉጦች ይልቅ እሷ ታሳምማለች። እጀ ትልቅ ከሆናችሁ ደሞ ስላይዱ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ቆዳ ይነክሳል፣ ሁለት ቀይ መስመር ያሰምርላችኋል።

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንሂድ፣ እዚህ ላይ ብዙም አልቆይም ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ራሱ ያውቀዋል፣ ግን ያውቀዋል ስል ደሞ ቪዲዮ እየቀረፀ ለጓደኛው የሚሰጠው ሰው አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 500 ማግነም የሚባለውን አወጣ፣ አምስት ጥይት የሚይዝ፣ ረጅም በርሜል ያለው 2 ኪሎ የሚያልፍ ሪቮልቨር። 2 ኪሎ ሆኖ እንኳን አይበቃውም። የዚህ ሽጉጥ ዋናው አደጋ መውደቁ ወይ ግንባር መምታቱ ብቻ አይደለም። አንዱ ሲተኮስ ሽጉጡ ወደላይና ወደኋላ ይነሳል፣ ሰውየው እንዳይወድቅበት ደንግጦ ጨብጦ ይይዘዋል፣ ሲጨብጥ ጣቱ አሁንም ምላጩ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ጥይት ይወጣል፣ አፈሙዙ በዛች ሰከንድ የት እያየ እንደሆነ ደሞ አስቡት። ወደ ጣሪያ፣ ወይ ወደ ራሱ ጭንቅላት። ስለዚ የግድ የሚል ሰው ካለ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚገባለት፣ አንድ ብቻ፣ ከዛ ባዶ ሽጉጥ ነው የያዘው። ይሄ ህግ ለኔ ለ500 ብቻ አይደለም፣ ለማንኛውም ጀማሪ የመጀመሪያው ጥይት ብቻውን ነው የሚገባው፣ 9 ሚሊም ቢሆን።

ሪቮልቨር ላይ ሌላም አለ፣ በከበሮውና በበርሜሉ መሃል ትንሽ ክፍተት አለ፣ በዛ በኩል እሳትና ጋዝ ወደ ጎን ይወጣል። ካዝና ያለው ሽጉጥ በለመደ አያያዝ አውራ ጣቱን ወደፊት የዘረጋ ሰው በ500 ማግነም ጣቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ደዘርት ኢግልም እንደዛው ወደ 2 ኪሎ ነው፣ እጀታው ሰፊ ስለሆነ አጭር ጣት ምላጩ ጋ ለመድረስ አያያዙን ማጣመም አለበት፣ የተጣመመ አያያዝ ደሞ ያስነክሰዋል፣ በቃ፣ ፎቶ ተነሱበትና መልሱት።

በ2014 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ አንድ የተኩስ ቦታ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ9 ዓመት ልጅ ናት፣ የሰጧት ኡዚ ነው፣ ሽጉጥ ሳይሆን አውቶማቲክ መሳሪያ። መጀመሪያ አንድ አንድ አስተኮሷት፣ ከዛ ወደ ተከታታይ ቀየሩላት፣ መሳሪያው ተነስቶ ዞረባትና አጠገቧ የቆመው አስተማሪ ሞተ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ምንም። እጇ ሊይዘው የማይችለውን ነገር የሰጧት አዋቂዎች ናቸው። እኔ ይሄን ታሪክ ለተማሪ አልነግርም፣ ለአስተማሪና ለባል ነው የምነግረው።

እሺ አሁን አንድ የቆየ ምክር አለ፣ "ለጀማሪ ሪቮልቨር ነው የሚሻለው፣ ቀላል ነው፣ ካዝና የለ፣ ሴፍቲ የለ፣ ዝም ብለህ መሳብ ነው" የሚል (ሴፍቲ ማለት ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ነው)። ይሄን ምክር የሚሰጡት ብዙ ጊዜ የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ነው የምቸገረው። ግማሹ እውነት ነው። አሰራሩን መረዳት ቀላል ነው፣ ከበሮውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 10 ሴንቲም ባለ 15 ሴንቲም በርሜል፣ ከባድ፣ ለስላሳ ጥይት የሚተኩስ ሪቮልቨር ከሆነ እኔም እስማማለሁ፣ በሱ አስተምሬያለሁ። ግን "ሪቮልቨር ግዛ" የተባለው ጀማሪ ሱቅ ሄዶ የሚይዘው ያንን አይደለም፣ አጭሯን ነው፣ ባለ 5 ሴንቲ በርሜሏን፣ አምስት ጥይት የምትይዘውን። እሷ ላይ ምላጩ 5 ኪሎ አካባቢ ጉልበት ይፈልጋል፣ ሽጉጧ ራሷ ግማሽ ኪሎ አትሞላም። አስቡት እስቲ፣ አንድ ጣታችሁ የሽጉጧን ክብደት ከአስር እጥፍ በላይ አድርጎ እየሳበ ነው፣ ሌላው እጅ ደሞ እንዳትነቃነቅ ሊይዛት ይሞክራል። ትነቃነቃለች። ጀማሪው 7 ሜትር ላይ ያለ ወረቀት ይስታል፣ ከዛ ሁለት ነገር ያስባል፣ ወይ ሽጉጥ የማይረባ ነገር ነው ወይ እኔ የማልረባ ነኝ። ሁለቱም አይደለም።

ለመተኮስ ቀላል ሆነው ለመያዝ አደገኛ የሆኑም አሉ፣ የድሮዎቹ። እነዚህ ላይ ርግጫ አይደለም ችግሩ። ኮልት በ1873 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ባለ ስድስት ሪቮልቨር ውሰዱ፣ መምቻው (ጥይቱን ከኋላ የሚመታው ክፍል) ወርዶ ሲያርፍ ሹሉ በቀጥታ ጥይቱ ቂጥ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሽጉጡ በመምቻው በኩል ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል። ለዚህ ነው የሚያውቁ ሰዎች አምስት ብቻ ሞልተው መምቻውን ባዶው ጉድጓድ ላይ የሚያሳርፉት። ሩገር በ1973 እ.ኤ.አ. በመሃል የምትገባ ብረት ጨምሮ በሱ ሽጉጦች ላይ ይሄን ፈታው፣ ምላጩ እስካልተሳበ ድረስ መምቻው ጥይቱን አይነካም። ከዛ በፊት የተሰራውንና የዛን ዘመን አስመስለው የሚሰሩትን ግን ጀማሪ ስድስት ሞልቶ ወገቡ ላይ ሲሰካ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

ቶካሬቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥም እንደዛው። ቲቲ 33 የሚባለው ሞዴሉ ሲሰራ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም፣ ያለው መምቻውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያቆም ጥርስ ብቻ ነው፣ ያረጀ ጥርስ ደሞ ያረጀ ጥርስ ነው። ጥይት የጎረሰ ቶካሬቭ ላይ መምቻውን በአውራ ጣት ቀስ ብሎ ማውረድ የሚባል ነገር አለ፣ ላብ ያለው ጣት ሲንሸራተት ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም። በ1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የተቀበለው 1911 ደሞ ሌላ ዓይነት ነው፣ ግሩም ሽጉጥ ነው፣ ምላጩ አጭርና ቀላል ነው፣ ለዚህም ነው ውድድር ላይ የሚወዱት፣ ግን ለመያዝ የተሰራው መምቻው ተስቦ ሴፍቲው ተቆልፎ ነው፣ ጀማሪ ይሄን ሲያይ ወይ ይፈራል ወይ ሴፍቲውን ይረሳል። ደሞ ስሙኝማ፣ ሴፍቲው ተቆልፎ ስላይዱ አይሳብም፣ ስለዚ ሽጉጡን ባዶ ለማድረግ መጀመሪያ ሴፍቲውን ማንሳት አለባችሁ። ማካሮቭም እንደዛ ነው። ባዶ እያደረኩ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በዛች ደቂቃ ከሁሉም በላይ ለመተኮስ የተዘጋጀ መሳሪያ ነው የያዘው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። "ካዝናውን አውጥቼዋለሁ" የሚለው አነጋገር ስንት ሰው እንደገደለ። ካዝናው ወጣ ማለት በርሜሉ ውስጥ የጎረሰው ወጣ ማለት አይደለም። አንዳንድ ሽጉጥ፣ ለምሳሌ በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር፣ ካዝናው ከሌለ እንዳይተኩስ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ አብዛኛው ግን ይተኩሳል፣ አንዱን ለምዶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ነው የሚሞኘው። ግሎክም ቢሆን ለማፅዳት ሲፈታ መጀመሪያ ምላጩን መሳብ ያስፈልጋል፣ በርሜሉን ያላየ ሰው እዛው ሳሎን ውስጥ ይባርቅበታል። ጄፍ ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ የተኩስ አስተማሪ አራት ህጎቹን ሲያወጣ የመጀመሪያው "መሳሪያ ሁሉ ሁሌም ጥይት እንደጎረሰ ነው" የሚለው በከንቱ አይደለም። ካዝና አውጡ፣ ስላይዱን ሳቡ፣ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁ ዳስሱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ስላይዱን ቀድማችሁ ከሳባችሁ ካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርስላችኋል።

ከቀለጠ ዚንክ ስለሚሰሩት ርካሽ ሽጉጦች ብዙ አልልም፣ አትግዙ። ደሪንጀር የሚባሉት ባለ ሁለት በርሜሎችም ያው ናቸው፣ ምላጫቸው ድንጋይ ነው፣ ርግጫቸው በቅሎ ነው፣ ማነጣጠሪያቸው ለስሙ ነው፣ ለሰብሳቢ ይሆናሉ።

ታዲያ ምን ይሁን ትሉኛላችሁ። የሚያሰለች ሽጉጥ። ከበድ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ 22 ካሊበር። የተለመደው ጥይቱ፣ 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው፣ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ሁለት መቶ ተኩሳችሁ እጃችሁ ሰላም ነው። ሩገር የሚባለው ድርጅት ራሱ በ1949 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረው በ22 ሽጉጥ ነው፣ ልጅ ልጆቹ እስካሁን ይሰራሉ። ከዛ በኋላ ሙሉ መጠን ያለው 9 ሚሊ፣ በጣም የከሱትን አይደለም። ቤሬታ 92ን የመሰሉት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ መምቻው ወርዶ ከሆነ የመጀመሪያው ጥይት ምላጭ ረጅምና ከባድ ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ አጭርና ቀላል፣ ጀማሪ አንድ ምላጭ መማር ሲበቃው ሁለት ይማራል፣ ሁለተኛው ላይ ደሞ ሳያስበው ይወጣበታል። ጆሮ መሸፈኛ ያው ለሁሉም ነው፣ 22 እንኳን ሳይቀር ጆሮ መጎዳት ይጀምርበታል ከሚባለው 140 ዴሲቤል ያልፋል፣ አጭር በርሜል ደሞ ከሁሉም ይብሳል፣ ምክንያቱም ባሩዱ ተቃጥሎ ሳያልቅ ነው ጥይቱ የሚወጣው፣ የቀረው ውጭ ነው የሚፈነዳው። ብዙ ሰው ርግጫ ነው የሚፈራው ይመስለዋል፣ በርግጥ የሚፈራው ድምፁን ነው፣ ሁለት መሸፈኛ ደርቡለትና እዩ።

ጥያቄ ያለው? እሺ እዛ ጋ።

"በኋላ የምይዘው ትንሿን ከሆነ ለምን በሷ አልጀምርም" ነው ያልሺው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሁሌ ይነሳል። መልሴ፣ መንዳት ስትለማመጂ መጨረሻ ላይ ገደል ጫፍ ላይ ባለ መንገድ የምትነጂ ቢሆንም እዛ ላይ አትጀምሪም። በ22 የተማርሺው ምላጭ አሳሳብ ትንሿ ላይ አብሮሽ ይሄዳል፣ ትንሿ ላይ የተማርሺው መበርገግም የትም አብሮሽ ይሄዳል። ደሞ ትንሿን መያዝሽ ራሱ እርግጠኛ ነሽ? እንደ ሲግ ፒ365 ዓይነቶቹ መካከል ላይ ያሉ አሉ፣ ግን እነሱም ሁለተኛ ሽጉጥ ናቸው።

ጋሼ እርስዎ። ከአባትዎ የወረሱት ማካሮቭ አለ፣ ልጅዎን በሱ ማስተማር ነው የፈለጉት። ይገባኛል ጋሼ፣ የአባት እቃ ነው፣ ስሜት አለው። ማካሮቭ መጥፎ ሽጉጥ አይደለም፣ 730 ግራም ነው፣ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ያ ፒፒኬ ላይ ያልኩት እሱም ላይ አለ፣ በርሜሉ ቋሚ ነው፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው፣ የመጀመሪያው ምላጭ ከባድ ነው፣ ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ታች ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ እድሜውም አለ። መጀመሪያ የሚያውቅ ባለሙያ ፈቶ ይየው፣ ስፕሪንጉ ይቀየር። ልጅዎ በ22 ይጀምር፣ የሚሰጡት ቀን ይምጣ፣ ያኔ አንድ ጥይት ብቻ ያጉርሱለት። እሱም ይወደዋል፣ እጁ አልተመታማ።

ሌላ? ሌዘር ቢገጠምበትስ? ሌዘር እጅ መንቀጥቀጡን ያሳያል እንጂ አያቆመውም፣ ጀማሪው ቀይዋን ነጥብ እያሳደደ ምላጩን በድንገት ይመነጭቀዋል። በኋላ ግን ባዶ ሽጉጥ ላይ ለልምምድ ጥሩ ነው።

በሉ ሰዓቱ ሄደ፣ ወደ መተኮሻው እንሂድ። ጆሮና ዓይን መሸፈኛ በሩ ጋ አለ። የራሳችሁን ሽጉጥ ይዛችሁ የመጣችሁ ከቦርሳ እንዳታወጡት፣ ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ እኔ ስላችሁ ነው፣ ዛሬ ሁላችሁም በኔ 22 ነው የምትጀምሩት፣ አንተም፣ አዎ አንተ ደዘርት ኢግል ያልከው። ካዝናውን የምሞላው እኔ ነኝ፣ ስንተኛው የውሸት እንደሆነ አልነግራችሁም።